ድሬ ላይ ኬናፍ ዘርቼ ልጡን ስመዝን የከረምኩበት ማስታወሻ

ሚያዝያ 28

ስራዬ ጂብሰም ነው፣ ኮርኒስና የግድግዳ ጌጥ እሰራለሁ፣ ሳቢያን ትንሽ ግቢ አለችኝ እዛው አወጣለሁ እዛው አደርቃለሁ። ጂብሰም ብቻውን ብስኩት ማለት ነው፣ ውስጡ ቃጫ ካልበተንክበት ገና ወደላይ ሲነሳ ነው ለሁለት የሚከፈለው። ቃጫ ደግሞ አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም፣ ሲገኝም ግማሹ አቧራ ነው። ባለፈው ከአንድ ነጋዴ የገዛሁትን እሽግ ስፈታው ዳር ዳሩ ነጭ መሃሉ የሻገተ፣ መልስልኝ ብለው ሳቀብኝ። አቦ እኔስ ለምን አላበቅልም ያልኩት የዛን ቀን ነው።

ግን ቃጫ ከቅጠል የሚወጣ ነገር ነው፣ ሲሳል ተክለህ የመጀመሪያውን ቅጠል እስክትቆርጥ ሁለት ሦስት አመት ትጠብቃለህ፣ እንሰትም የአመታት ጉዳይ ነው፣ ደግሞም የደጋ ነው። እኔ ባንድ ክረምት የሚደርስ ነው የፈለግኩት፣ ስለዚህ ወደ አገዳ ዞርኩ። አገዳ ላይ ያለው ፋይበር ሌላ ነገር አይደለም፣ አባቶቻችን ልጥ የሚሉት ነው፣ ቅርፊቱ ስር ያለው ረጅም ክር፣ ልጠህ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ አጥር የምታስርበት። ልጡ የተራሰ መቃብሩ የተማሰ ይባል የለ፣ እሱ ልጥ።

የአገዳ ፋይበር ከተባለ ንጉሱ ሄምፕ ነው፣ እሱ ግን ያው ካናቢስ ስለሆነ እዚህ መዝራት አይፈቀድም፣ እኔም አልሞክረውም። ተልባ አለ፣ አውሮፓ ውስጥ ሊነን የሚባለው ጨርቅ የሚሰራው ከዚሁ ከኛው ተልባ ነው፣ ልዩነቱ የነሱ ለክር የተመረጠ ረጅምና ቅርንጫፍ የሌለው ነው፣ የኛ ደግሞ ለፍሬ የተመረጠ አጭርና ቅርንጫፋም፣ ለማንኛውም ድሬ ሙቀት ውስጥ ተልባ አይታሰብም። ጁት አለ፣ ኬሻ የሚሰራበት፣ ከሁለቱ የጁት ዝርያዎች አንዱ አረቦች ሙሎኪያ ብለው የሚበሉት ቅጠል ነው፣ እሱ ግን ውሃ ይጠጣል። የቀረው ኬናፍ ነው። የባሚያና የከርከዴ ዘመድ፣ መነሻው አፍሪካ፣ አራት አምስት ወር ውስጥ ከሰው ቁመት ያልፋል። ዘሩን ግብርና የተማረ ዘመዴ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ሲኒ እንኳን አይሞላም፣ የዝርያ ስም የለው ምን የለው።

ይሄ ሄምፕ የሚባል ስም ራሱ ጉድ ነው በነገራችን ላይ፣ ጠንካራ ክር ያለው ነገር ሁሉ እንግሊዝኛው ላይ ሄምፕ ተብሏል፣ ማኒላ ሄምፕ የሚሉት የሙዝ ዘመድ ነው፣ ሲሳልንም ሄምፕ ይሉታል፣ ኬናፍንም ህንድ ውስጥ ዴካን ሄምፕ ብለውታል። ለተክሎች ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊኒየስም በ1759 እ.ኤ.አ. ለኬናፍ ሂቢስከስ ካናቢነስ ብሎ ስም ሲያወጣለት ቅጠሉ ካናቢስ ስለሚመስል ነው። ይሄ ቅጠል በኋላ ችግር ያመጣብኛል፣ ያኔ አላወቅኩም።

ግንቦት 5

መጀመሪያ 50 ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አድርጌ ሞከርኩ፣ በአራተኛው ቀን 31 በቅሏል። የኬናፍ ዘር ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቦታ ከተቀመጠ ቶሎ ነው የሚሞተው፣ ስለዚህ 31 አይከፋም። ዛሬ 3 በ4 ሜትር መደብ ላይ ዘራሁ፣ መስመሩ በ25 ሳንቲ፣ ውስጥ ለውስጥ ጠጋ ጠጋ አድርጌ። ጠጋ ማድረጉ ስስት አይደለም፣ የአገዳ ፋይበር ተክል ቦታ ከሰጠኸው ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርንጫፍ ባወጣበት ቦታ ሁሉ ክሩ ይቆረጣል። ስታጨናንቀው ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለክር የሚዘሩት ተልባ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 2000 ተክል ይቆማል፣ ፀጉር በለው። ኬናፍ ወፍራም ስለሆነ እንደዛ አይደለም፣ እኔ ወደ 30 ገደማ እንዲቀር ነው ያሰብኩት።

የተረፈውን ዘር በብልቃጥ አድርጌ ፍሪጅ ከተትኩ።

ሰኔ 2

ጉልበት ደርሷል። ፍየል ገባች፣ አንድ ጥግ በላች፣ ባለቤትዋ ይቅርታ ጠየቀች፣ አለፈ።

ከዚህ በፊት ቲማቲም የነበረበት ጥግ ላይ ያሉት አላድግ አሉ። ሁለቱን ነቅዬ ሳይ ስራቸው እንደ መቁጠሪያ ቋጠሮ ቋጠሮ ሰርቷል፣ ኔማቶድ ነው፣ አፈር ውስጥ ያለ በአይን የማይታይ ትል፣ ኬናፍ ይሄን አይችልም። ሰን ሄምፕ የሚባለው (ሄምፕ ያልሆነ ሄምፕ፣ የአተር ቤተሰብ) ይሄን ትል ስለሚቋቋም ነው ሰዎች አፈር ማፅጃ ብለው የሚዘሩት። ለሚቀጥለው ልብ ብያለሁ።

ሰኔ 27

ወገቤን አልፏል፣ ከላይ ያሉት ቅጠሎች ጣት ጣት አውጥተዋል፣ አምስት ሰባት ጣት፣ ጫፋቸው መጋዝ። ጠዋት ሁለት ሰዎች በር አንኳኩ፣ ማን እንደላካቸው አልነገሩኝም፣ ዋሪያ ይሄ ጓሮህ ያለው ምንድነው አሉኝ። የባሚያ ዘመድ ነው ብል ማን ይሰማኛል፣ አበባ ቢኖረው እኮ በቃ ነበር፣ አበባው ቁርጥ ባሚያ ነው፣ ገና አላበበም። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳያለሁ እነሱ ቅጠሉን ያያሉ፣ ፎቶውን ያያሉ ቅጠሉን ያያሉ። ያዳነችኝ ከጎን ያለችው አዴ ናት። በአጥሩ በኩል ሰምታ ገባችና ከላይ ለጋውን ቅጠል ቀጥፋ አፏ ውስጥ ከታ አኘከችው፣ «ኮምጣጣ ነው እኮ፣ ከርከዴ ነው ይሄ» አለች። አንዱም ቀጥፎ ቀመሰ። እውነት ነው የኬናፍ ቅጠል ይኮመጥጣል፣ ብዙ አገር እንደ ጎመን ይበሉታል። ሳቁና ወጡ። አዴ ግን ከዛ ቀን ጀምራ በየሦስት ቀኑ ለወጥ እየቀጠፈች ነው፣ «አዴ ከላይ ጫፉን ብቻ አትንኪብኝ» ብዬ ለምኜ ተስማምተናል።

ሐምሌ 20

ስራ የቀዘቀዘበት ሳምንት ነበር፣ ስለ ሄምፕ ማንበብ ጀመርኩ፣ ባልዘራውም ሰዎቹ ስንት ዘመን የለፉበት ነገር ስለሆነ ለኬናፌ የሚሆን ብልሃት አላጣም ብዬ። አልተሳሳትኩም።

መጀመሪያ የገባኝ የቀን ርዝመት ነገር ነው። ሄምፕም ኬናፍም ማበብ የሚጀምሩት ቀኑ ሲያጥር ነው። አንዴ ማበብ ከጀመሩ ደግሞ ቁመት በቃ፣ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ፍሬ ይሄዳል። ስለዚህ ክር ለሚፈልግ ሰው ጨዋታው ሳያብብ ስንት ቀን ቆየ ነው። ፈረንሳይ ሰኔ ላይ ቀኑ 16 ሰዓት ነው፣ እዛ የተመረጠ ሄምፕ ያንን ረጅም ቀን እየጠጣ ይመዘዛል። ያንኑ ዘር ወደኛ ብታመጣው ዓመቱን ሙሉ መከር የደረሰ ነው የሚመስለው፣ ገና በልጅነቱ አብቦ ያርፋል። ድሬ የምትገኘው ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው፣ የአመቱ ረጅሙ ቀናችን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል፣ በመሃል ያለው ልዩነት የአንድ ሰዓት ነገር ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ የተሻሻሉት ኤቨርግሌድስ 41 እና 71 የሚባሉት የኬናፍ ዝርያዎች ቀኑ ከ12 ሰዓት ተኩል ሲወርድ ነው ወደ አበባ የሚዞሩት። የኔ ዘር ምን እንደሆነ ባላውቅም እንደነሱ ከሆነ እዚህ የሚያድግበት ጊዜ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ብቻ ነው ማለት ነው። በዕድል ነው ግንቦት የዘራሁት፣ አስቤ አይደለም።

ሁለተኛው የገባኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ሄምፕ ወንዴና ሴቴ ተክሉ ለየብቻ ነው፣ እንደ ፓፓያ። ወንዴው ቀድሞ ይደርሳል፣ ብናኙን ለንፋስ ሰጥቶ ይደርቃል፣ ሴቴዋ ፍሬዋን ይዛ ሳምንታት ትቆያለች። የወንዴው ክር ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ የድሮ የአውሮፓ ገበሬዎች ወንዴውን ቀድመው እየለቀሙ ይነቅሉ ነበር፣ ሴቴዋን በኋላ፣ አንድ ማሳ ሁለት ጊዜ መሰብሰብ። ይሄ ድካም ነው በኋላ እንደ ሶቪየቱ ግሪሽኮና እንደ ጀርመኑ ፎን ዜንግቡሽ ያሉ ዝርያ አሻሻዮችን ወንዴና ሴቴ አበባ ባንድ ተክል ላይ ያለው ሄምፕ ወደማውጣት የወሰዳቸው፣ እኩል ይደርሳል ባንዴ ታጭደዋለህ።

አሁን ዘር ለመምረጥ ስትነሳ ችግሩን አስበው። የትኛው ተክል ክር እንደበዛለት ለማወቅ ቆርጠህ ዘፍዝፈህ መመዘን አለብህ። ሴቴዋን ፍሬዋን ካነሳህ በኋላ መመዘን ትችላለህ፣ ጎበዝ ሆና ከተገኘች ፍሬዋ እጅህ ላይ አለ። ወንዴውስ? ወንዴውን መዝነህ ይሄ የማይረባ ነው ባልክ ሰዓት ብናኙ ከወር በፊት መንደሩን ሁሉ አዳርሷል፣ የልጆቹ ግማሽ ደም የሱ ነው። ግማሹን ወላጅ ሳታይ ነው የምትመርጠው ማለት ነው፣ በዚህ አካሄድ ስንት አመት ብትለፋ ፈቀቅ አትልም።

ጉስታፍ ብሬደማን የሚባል ጀርመናዊ ነው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መላ ያገኘው። ወንዴው ገና ሳያብብ አገዳውን በቁመቱ ለሁለት ሰነጠቀው፣ ግማሹን ወስዶ ክሩን አውጥቶ መዘነ፣ ግማሹ እዛው ቆሞ መኖሩን ቀጠለ። ክሩ ያነሰበትን ወንዴ ሳያብብ ነቀለው፣ ጎበዞቹ ብቻ ቀርተው ብናኙን እነሱ ሰጡ። በቃ ይሄው ነው፣ ምላጭና ሚዛን። በዚህ መንገድ በብዙ አመት ምርጫ የአገዳውን ክር እስከ ሦስት እጥፍ አድርሰውታል። በኋላ ኮምፖልት በምትባል የሃንጋሪ መንደር ኢቫን ቦቻ ያወጣቸው ዝርያዎችም የዚሁ ብልሃት ልጆች ናቸው። ጉዳትም አለው፣ ክር ሲበዛ የሚጨምረው አጭሩና ሻካራው ሁለተኛ ክር ነው፣ ለጨርቅ ያ አይወደድም። ለጂብሰም ግን ማን ግድ አለው።

ነሐሴ 24

ፍሪጅ ያለውን ዘር አውጥቼ ሁለት ትንንሽ መደብ ዘራሁ። ሆን ብዬ ነው፣ ቀኑ ከ12 ሰዓት ተኩል ከወረደ በኋላ ቢዘራ ምን እንደሚሆን ላይ። በአንደኛው ላይ ኤልኢዲ አምፖል ሰቅያለሁ፣ ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይበራለታል፣ ቀን አልመሸም ብሎ እንዲያስብ። ሌላኛው እንደ እግዜር ፈቃድ። በመሃላቸው የድሮ ቆርቆሮ አቆምኩ ብርሃኑ እንዳይሾልክ። ሚስቴ ለሳር መብራት እየከፈልክ ነው ብላ ሳቀችብኝ።

ጳጉሜን 3

ትልቁ መደብ ላይ እንቡጥ ታየ። የብሬደማን ቀን ደረሰ።

ኬናፍ ላይ ይሄ የግድ አይደለም እኮ፣ ኬናፍ ወንዴና ሴቴው አንድ አበባ ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ራሱን ነው የሚያዳቅለው፣ ንብ ትንሽ ብታቀላቅልም። አበባው ጠዋት ይከፈታል ከሰዓት ይዘጋል አለቀ። ስለዚህ ፍሬውን ወስጄ ከዛ አገዳውን መመዘን እችል ነበር። ግን ፍሬው እስኪደርስ አገዳው እንጨት ይሆናል፣ ክሩም ይደርቃል፣ ያኔ የምመዝነው ለስራ የምፈልገውን ክር አይደለም፣ ደግሞ እውነቱን ለመናገር እጄ በልቶኝ ነው።

12 ተክል መረጥኩ፣ ግማሹን ረጅም ስለሆነ ግማሹን በነሲብ፣ ቀይ ክር አስሬ ቁጥር ሰጠሁ። የእህቴ ልጅ አገዳውን ያዘልኝ፣ እኔ በአዲስ ምላጭ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብዬ 20 ሳንቲ በቁመቱ ሰነጠቅኩ። የመጀመሪያው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ምላጩ ወደ ጎን ሄዶ ከግማሽ በላይ በላ። ቅርፊቱ ስር ስትገባ ነጩ ክር እንደ ዶሮ ጅማት ይታያል፣ ከስሩ አረንጓዴ ነጭ እንጨት፣ መሃሉ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ። ግማሹን አንስቼ ከወሰድኩ በኋላ የቀረውን በፌስታል ጠቅልዬ በሁለት ሸምበቆ ደግፌ አሰርኩት፣ የተሰበረ እግር በለው። የኬናፍ አገዳ ደቃቃ እሾህ አለው፣ ጓንት ሳላደርግ ጀምሬ እስከ ማታ ክንዴን ሳክ አመሸሁ። «አጎቴ ይሄ ሁሉ ለአንድ ክር ነው?» አለኝ ልጁ። አዎ አልኩት።

መስከረም 2

ትናንት ማታ ነፋስ ነበር፣ 2 ቁጥርና 11 ቁጥር ከቁስላቸው ላይ ተሰብረው አደሩ። 10 ቀሩ።

ናሙናዎቹ ደርቀዋል። የወርቅ ሚዛን ከአንድ ወዳጄ ተውሼ መዘንኩ፣ ከዛ ልጡን እየለየሁ በትንሽ ኮስቲክ ሶዳ ቀቅዬ (ጓንት አሁን ተምሬያለሁ) ሙጫው ሲለቅ በብዙ ውሃ አጥቤ አድርቄ እንደገና መዘንኩ። ሁሉንም እዚህ አልፅፍም፣ ሁለቱን ግን ልንገራችሁ። 4 ቁጥር የመደቡ ጎልያድ ነው፣ 2 ሜትር ከ71፣ ገና ከበቀለ ጀምሮ ይሄ ነው የዘር እናት ስለው የነበረው። ናሙናው 5.20 ግራም፣ ክሩ 0.68፣ 13 በመቶ። ከአስሩ የመጨረሻው። 9 ቁጥር ደግሞ ቀጭን ነው፣ 2 ሜትር ከ30፣ በነሲብ ባልመርጠው ኖሮ ዘወር ብዬም አላየው፣ ናሙናው 3.90 ግራም፣ ክሩ 0.78፣ ድፍን 20 በመቶ።

ሁለት ጊዜ መዘንኩት። ያው ነው።

ከዛ ሄጄ 4 ቁጥር የቆመበትን ቦታ በደንብ አየሁት። የመደቡ ዳር ነው፣ ባንድ በኩል ጎረቤት የለበትም፣ ከላዩ ደግሞ የሚንጠባጠበው ቧንቧ አለ። ጎልያድ ያደረገው ዘሩ ይሁን ቧንቧው ማን ያውቃል። ዳር ካለ ተክል ዘር አይመረጥም የሚባለው ለዚህ ነው ለካ፣ አንብቤው ነበር እኮ፣ አይኔ ግን ቁመት ሲያይ ይሰክራል።

መስከረም 12

አስሩን ለዘር ትቼ ሌላውን ሁሉ አጨድኩ። ፋይበሩ ጥሩ የሚሆነው የመጀመሪያው አበባ ሲከፈት ነው፣ ከዛ በኋላ እየሻከረ ይሄዳል። አበባው ደስ ይላል፣ ነጣ ያለ ቢጫ፣ መሃሉ ጥቁር ቀይ፣ እነዛ ሁለት ሰዎች አሁን ቢመጡ ቡና አፈላላቸው ነበር። ቅጠሉን መልምዬ ስመዝን አገዳው 38 ኪሎ።

አሁን መዘፍዘፍ። የሚዘፈዘፈው ክሩን ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀውን ሙጫ ባክቴሪያ እንዲበላው ነው፣ አየር የሌለበት ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳሉ፣ የድሬ ሙቀት ለዚህ ስጦታ ነው። በርሜል በቁመቱ አስቀድጄ ገንዳ አሰርቻለሁ። የታችኛው የአገዳ ጫፍ ወፍራም ስለሆነ ዘግይቶ ነው የሚለቀው፣ ብልሃቱ መጀመሪያ እስሩን አቁመህ እግሩን ብቻ ውሃ ውስጥ ሦስት ቀን ማቆየት፣ ከዛ አጋድመህ ሙሉውን ማስጠም። ሁለት እስር እንደዛ አደረግኩ፣ ሦስተኛው ላይ ስልቹነት ያዘኝና ዝም ብዬ አጋደምኩት። ላያቸው ላይ ብሎኬት ጫንኩ እንዳይንሳፈፉ።

መስከረም 19

ሽታው። ስለ ሽታው ብዙ ሰው ይፅፋል እኔ ግን በዚህ ደረጃ አልጠበቅኩም። አዴ በአጥሩ በኩል «ልጄ ምን ሞቶብህ ነው» አለችኝ። ሰፈሩን በሙሉ ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው የምውለው፣ ማታ ማታ ሰው በሬ ላይ ፍራሽ አውጥቶ አይቀመጥም፣ ጫት የሚቅሙት ልጆች ጥላ ቀይረዋል። ውሃውን መንገድ ላይ መድፋት አይሆንም፣ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ።

መስከረም 22

ከሦስት ቀን ጀምሮ እየላጥኩ ነው። ሲደርስ የምታውቀው እግሩን ይዘህ ልጡን ስትስበው እንደ ካልሲ እስከ ጫፉ ከወረደ ነው። ሁለቱ እስሮች እንደዛ ወረዱ፣ በዱላ ቀስ እያልኩ መትቼ በንፁህ ውሃ አጠብኩ፣ ክሩ ወርቅማ ነጭ፣ እርጥብ ፀጉር። ሦስተኛው እስር፣ ያ የሰነፍኩበት፣ እግሩ አልለቅ ሲለኝ ሁለት ቀን ጨመርኩበት፣ በዛ መሃል ጫፉ በሰበሰ። ስጎትተው እንደ ቅቅል ጎመን ይበጠሳል። ግማሹን ጣልኩት።

ደርቆ ሲመዘን 1 ኪሎ ከ700 ግራም። ያላበላሸሁት ቢጨመር ከእርጥቡ አገዳ 5 በመቶ ገደማ ይመጣ ነበር፣ ለኬናፍና ለጁት የሚጠበቀውም እዛው አካባቢ ነው። የተላጠው እንጨት ነጭና ቀላል ነው፣ እንደ ፎም። ሄምፕ ያላቸው አገሮች የሄምፑን እንጨት ፈጭተው ከኖራ ጋር ለውሰው ግድግዳ ይሞሉበታል፣ አንድ ጆንያ ደብቄያለሁ ሌላ ጊዜ እሞክረዋለሁ።

ጥቅምት 9

ሁለት የጂብሰም ሰሌዳ፣ 40 በ40፣ ውፍረት 1 ሳንቲ። አንዱ በቃጫ አንዱ በኬናፍ። ኬናፉን መጀመሪያ እንደ ቃጫው በረጅሙ በተንኩት፣ በጣም ስለሚለሰልስ ጂብሰሙ ውስጥ እንደ ጥጥ ተጠቀለለ፣ ያ ሰሌዳ ተጣለ። ሁለተኛውን 5 ሳንቲ 5 ሳንቲ ቆርጬ በጣቴ እየፈታሁ በተንኩት፣ ገባ።

ከሳምንት በኋላ በሁለት ብሎኬት መሃል አጋድሜ ጡብ ጫንኩ። በስድስተኛው ጡብ ሁለቱም ተሰነጠቁ። ልዩነቱ ከስንጥቁ በኋላ ነው፣ የቃጫው ተንጠልጥሎ ቀረ፣ የኬናፉም ተንጠልጥሎ ቀረ ግን ቀስ እያለ እየረዘመ ወረደ፣ ክሩ ከጂብሰሙ ውስጥ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው፣ እርዝመት አንሶታል። በሚቀጥለው 8 ሳንቲ። ሲሚንቶ ውስጥ ለምን አትሞክረውም ያለኝ አለ፣ ሲሚንቶ የአትክልት ክር በጊዜ ብዛት ይበላዋል፣ ጂብሰም ግን ብዙም አይነካውም።

ጥቅምት 18

የአምፖሏ ጉዳይ። ያለ መብራት ያለው መደብ አብቧል፣ ቁመቱን ስለካ 85 ሳንቲ፣ ከወገቤ በታች፣ አገዳው እርሳስ። መብራት ያለው 1 ሜትር ከ40 ደርሷል አበባ የለም። አንድ ዘር፣ አንድ አፈር፣ በመሃላቸው ቆርቆሮ ብቻ። ግንቦት የዘራሁት ያን ያህል የሄደው ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ስለነበረ ነው። በመሃል መብራት አራት ማታ ጠፍቶብን ነበር፣ በተከታታይ ሦስቱን፣ እሱ መጣ መሰለኝ ጫፍ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት እንቡጥ አለ። ሚስቴንም ጠርቼ አሳየኋት፣ አየች፣ ቢሉንም አሳየችኝ።

ይሄ አጭሩ መደብ ግን አይጣልም፣ ዝርያ አሻሻዮች ራሳቸው ዘር ቶሎ ሲፈልጉ ቀኑን አሳጥረው ነው የሚያስቸኩሉት። ክር ከሆነ ግንቦት፣ ዘር ከሆነ ነሐሴ።

ኅዳር 25

ፍሬው ደረቀ። የኬናፍ የፍሬ ቤት ላይ ያለው ፀጉር ከአገዳው እሾህ ይብሳል፣ በሻሽ ፊቴን ሸፍኜ ነው የፈለፈልኩት።

የተሰነጠቁት አስሩ እንደምንም ፍሬያቸውን አድርሰዋል። አገዳቸውን ቆርጬ አድርቄ ሙሉውን መዘንኩ፣ ምክንያቱም በመቶኛ ብቻ ሙሉ ታሪኩን አይነግርህም። 4 ቁጥር 78 ግራም፣ በ13 በመቶው ብታሰላው 10 ግራም ክር ገደማ። 9 ቁጥር 49 ግራም፣ በ20 በመቶው 9.8 ግራም። ክራቸው እኩል ነው በሉት። ልዩነቱ አንዱ ያንኑ ክር ለመስጠት 29 ግራም ትርፍ እንጨት ይሸከማል፣ እኔ ደግሞ ያንን እንጨት አጭዳለሁ፣ ተሸክሜ ገንዳ እከታለሁ፣ ውሃ እሞላለታለሁ፣ አሸታለሁ። 9 ቁጥር ቀጭን ስለሆነ ጠጋ ጠጋ አድርጌ ብዙ ማቆም እችላለሁ። በሌላ በኩል ቧንቧ ስር ባይሆን 4 ቁጥር ምን ይመስል ነበር፣ 9 ቁጥርስ ዳር ቢቆም፣ ያንን አንድ ተክል ላይ ቆሜ መፍረድ አልችልም፣ ልጆቻቸውን መሃል ላይ ጎን ለጎን አቁሜ ነው የማየው።

4 ቁጥር 388 ፍሬ፣ 9 ቁጥር 163 ፍሬ፣ ሌሎቹ በመሃል። ለየብቻ በፔኒሲሊን ብልቃጥ ከተትኳቸው። የእህቴ ልጅ በፕላስተር ቁጥር ለጠፈ፣ ብልቃጦቹ ፍሪጅ ውስጥ ከበርበሬው ጀርባ ናቸው። መደቡን ከቲማቲሙ ጥግ አራቅኩት፣ ቧንቧውንም ዛሬ ጠዋት ቧንቧ ሰሪ አስመጥቼ አስጠገንኩ።

አዴ በአጥሩ በኩል መቼ ነው የምትዘራው አለችኝ። ሚያዝያ መጨረሻ አልኳት። «በጣም ሩቅ ነው» አለች፣ ቅጠሉን ነው።